ድንጋዩን አይቀቅሉት፤ መጀመሪያ ማን እንደሚኖርበት እንለይ

ጥያቄው፦ «200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ላይቭ ሮክ የሚሉትን፣ ሕይወት ያለበት የባሕር ድንጋይ ካስገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከድንጋዩ ጋር ያላዘዝኳቸው ነገሮች መጥተዋል። ማታ በእጅ ባትሪ ሳይ፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ግራና ቀኙ ነጭ ጸጉር ያበቀለ ረጅም ትል አለ። ድንጋዩ ላይ ቡናማ አበባ የሚመስል ነገር በቅሏል፤ ስነካው እልም ይላል። ሌሊት ሌሊት ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። መስታወቱ ላይ ነጫጭ ጥምዝምዝ ነጠብጣቦችና እግሮቹ እኩል ያልሆኑ ሚጢጢ ኮከብ አሉ። ትናንት ጠዋት ደግሞ አንዱ ዓሣ ሞቶ ትሎቹ ሲበሉት አገኘኋቸው። ድንጋዩን አውጥቶ መቀቀል ነው የሚሻለው ያሉኝ ሰዎች አሉ። ምን ላድርግ?»

መቀቀሉን ይተዉት። ይህን የማስቀድመው ለእንስሳቱ አዝኜ ብቻ አይደለም። ለእርስዎ ሳንባ ብዬ ነው።

ላይቭ ሮክ ላይ ብዙ ጊዜ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ የልብስ ቁልፍ የሚያካክሉ ለስላሳ ፍጥረታት ተጣብቀው ይመጣሉ። ከእነሱ ውስጥ በተለይ ፓሊቶአ የሚባለው ወገን ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል። በተፈጥሮ ከሚታወቁት እጅግ ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። ድንጋዩ ሲፈላ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤቱን ይሞላዋል። የተነፈሰው ሰው ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ያመዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ አላስካ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤትና በአኳሪየም መደብር፣ ከዞአንቲድ ጋር በተያያዘ በትንፋሽ የታመሙ ሰዎች ተመዝግበዋል። ድንጋዩን በፈላ ውሃ ማጠብም ሆነ ዞአንቲዶቹን ከውሃ አውጥቶ በብሩሽ መፈግፈግ ያው ነው፣ አይሞከርም። ድንጋዩን በእጅዎ ሲነኩ ጓንት ያድርጉ። ዓይንዎንም ይሸፍኑ።

ሌላም ምክንያት አለ። ለዚህ ድንጋይ የከፈሉት ለድንጋይነቱ አይደለም። በውስጡ ላሉት ባክቴሪያዎች ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ቀቅለው ቢመልሱት ባክቴሪያው አልቋል። ቀዳዳው ውስጥ ያለቀው ፍጥረት ደግሞ መበስበስ ይጀምራል። ያኔ የቀሩትን ዓሦችም ያጣሉ።

ወደ ሞተው ዓሣ እንምጣ፤ የጥያቄው ቁልፍ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ትሎቹ ሲበሉት ስላዩ ገዳዮቹ እነሱ መሰሉዎት። ሬሳ አጠገብ የተገኘ ሁሉ ግን ገዳይ አይደለም። ሦስት ሳምንት ብቻ በሆነው ገንዳ ውስጥ ዓሣ ከሞተ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃውን ነው። ዛሬውኑ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከፊሉን ውሃ ይቀይሩ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ አዲስ ዓሣ አያስገቡ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ያን ጊዜ ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እናያለን።

ከድንጋዩ ጋር የመጡትን እነዚህን ተሳፋሪዎች ስለይ መልካቸው ላይ ብዙም አልቆይም። መልክ ያሳስታል። ቀለም እንደ መብራቱ ይለወጣል፤ ግልገሉም ካደገው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። እኔ የምጠይቀው መቼ ይወጣል? የት ይቀመጣል? አጠገቡ ያለው ጎረቤት ምን ሆነ? የሚለውን ነው። ተጎጂ የሌለው «ጥፋተኛ» ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ለዚህ የሚሆነው ምርጥ ሰዓት መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የእጅ ባትሪዎን አፍ በቀይ ፕላስቲክ ይሸፍኑት። ብዙዎቹ አከርካሪ አልባ ፍጥረታት ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያቸውም፤ እርስዎ እያዩዋቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ነጭ መብራት ድንገት ሲያበሩ የሚያዩት ጅራት ብቻ ነው።

አሁን ትሉ። ሮዝ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ጸጉር፣ ሌሊት የሚወጣ፣ የሞተ ነገር ላይ የሚሰበሰብ። ይህ በጣም የተለመደው ጸጉራም ትል ነው፤ በሙያው ብሪስትል ዎርም ይሉታል። የገንዳው ጽዳት ሠራተኛ ነው። የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ኩስ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ፣ ያገኘውን ይለቅማል። እጅዎ በማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚያጸዳልዎ እሱ ነው። እርግጥ ደስ የሚል መልክ የለውም። ቁጥሩ የበዛ ከመሰለዎት ትሉን አይውቀሱት፤ የሚሰጡትን ምግብ ይቀንሱ። ምግቡ ሲያንስ ትሉም ያንሳል።

በባዶ እጅ ግን አይንኩት። ያ ነጭ ጸጉር እንደ መስታወት ቀጭን እሾህ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ከወጋዎት ቦታውን አይሹት። የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፈው ይንቀሉት፣ እሾሁ አብሮ ይወጣል። የቀረውን በወረንጦ ያውጡ። ኮምጣጤ ማድረግ ብዙዎችን ያስታግሳቸዋል። እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ይህን ትል የሚመስሉ፣ ግን ጠባያቸው የተለየ ሁለት አሉ። አንደኛው እሳት ትል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሄርሞዲሴ ካሩንኩላታ። ወፈር ይላል። በነጩ ጸጉር ሥር ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቁጥቋጦ የመሰለ ስንጥብ አለው። ራሱ ላይ ደግሞ የተጣጠፈ ሥጋ መሰል ነገር ይታያል። ይሄኛው ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ይበላል። የኮራሉን ቅርንጫፍ ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ሲቆይ ሊያዩት ይችላሉ። ሲሄድ ቅርንጫፉ ነጭ አጥንት ሆኖ ይቀራል። ድንጋዩ ከካሪቢያን ወይም ከአትላንቲክ ከመጣ ይህን ትል ማሰብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ዩኒስ የሚባለው ወገን ነው። «ቦቢት» የሚል ስም ሰምተው ይሆናል፤ ከእሱ ቤተሰብ ነው። ጎኑ ላይ እንደ እርስዎ ትል ጎልቶ የሚታይ ነጭ ጸጉር የለውም። ቆዳው እንደ ዘይት ጠብታ ቀስተ ደመና ቀለም ያንጸባርቃል። ራሱ ላይ አምስት አንቴና አለው። እዚህ ላይ ጥሩ አድርገው ይቁጠሩ፤ መለያው ይሄ ነው። አብዛኛውን አካሉን ቀዳዳው ውስጥ ትቶ በራሱ ብቻ ብቅ ይላል፣ የነካውን ይነክሳል፣ ይጎትታል። ትልቁ ዝርያ፣ ዩኒስ አፍሮዲቶይስ፣ ጉድ የሚያሰኝ ርዝመት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንድ የመርከብ ማሰሪያ ተንሳፋፊ የተገኘው 299 ሳንቲ ሜትር ነበር። ዓመታት ተደብቆ፣ ዓሣ እየጠፋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ሁሉም የዩኒስ ዝርያ ዓሣ አዳኝ ነው ማለት አይደለም፤ ትናንሾቹ አልጌና ትርፍራፊ ሲበሉ የሚኖሩ አሉ። አምስት አንቴና ያለው ትል ካገኙ ግን እኔ በበኩሌ አላቆየውም። ጎትተው ለማውጣት እንዳይሞክሩ። ቢቆረጥ የቀረው ክፍል ሊያድግ ይችላል። የሚኖርበትን ድንጋይ ለይተው ሙሉውን ወደ ባልዲ ያውጡት።

እርስዎ የገለጹት ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። ራሱን ግን በደንብ ቢያዩት እወዳለሁ።

ድምፁ ነው የበለጠ ያሳሰበኝ። ከሁሉ በፊት ዕቃዎቹን ያጣሩ። የፓምፕ ሮተር፣ የማሞቂያው ማብሪያ፣ ከድንጋይ ላይ የወደቀ ቀንድ አውጣ መስታወቱን ሲመታ፣ ሁሉም ቋ ይላል። ስንቱ ሰው ማሞቂያውን በወጥመድ ሊይዝ ሲያደባ እንዳመሸ ብነግርዎት አያምኑም። ፓምፑንና ማሞቂያውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍተው ያዳምጡ። ድምፁ ከቀጠለ እንስሳ ነው። ያን ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ፒስቶል ሽሪምፕና ማንቲስ ሽሪምፕ።

ፒስቶል ሽሪምፕ አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ ይተልቃል። እሱን በፍጥነት ሲዘጋው የውሃ አረፋ ይፈጠራል። የምንሰማው ድምፅ የመቆንጠጫው ግጭት አይደለም፤ አረፋው ሲፈነዳ የሚወጣው ነው። ድምፁ ነጠላና ስል ነው፤ አንዴ ጧ ብሎ ዝም ይላል። ይህ እንስሳ ባብዛኛው አሸዋ እየቆፈረ የሚኖር ነው። አንዳንድ ዝርያዎቹ ጎቢ ከሚባል ዓሣ ጋር አንድ ጉድጓድ ተጋርተው ይኖራሉ፤ ሽሪምፑ ይቆፍራል፣ ዓሣው ይጠብቃል። እሱ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት፤ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉት ሰዎች አሉ።

ማንቲስ ሽሪምፕ ሌላ ነገር ነው። ስሙ ሽሪምፕ ይበለው እንጂ እውነተኛ ሽሪምፕ አይደለም። ዓይኖቹ እንጨት ላይ እንደተሰኩ ሆነው እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው አቅጣጫ ይዞራሉ። የፊት እጆቹን አጥፎ ይይዛቸዋል። ገሚሱ ወገን በእጁ ጫፍ ይወጋል፣ ገሚሱ እንደ መዶሻ ይመታል። ከድንጋይ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ መቺው ነው። ትልቁ ዝርያ፣ ፒኮክ ማንቲስ፣ ምቱ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይፈጥናል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በዚህ ነው የሚፈረፍረው። ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ዝርያ ነው፤ መስታወት ይሰብርብኛል ብለው እንቅልፍ አይጡ። ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዓሣ ግን ሊጨርስ ይችላል።

ድምፁ እንደ በር ማንኳኳት ተደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ወደ ማንቲስ ያደላል። ዋናው ማስረጃ ግን የቤቱ ደጃፍ ነው። ክብ፣ የተስተካከለ ቀዳዳ ይፈልጉ። አፉ ላይ የተሰባበረ ቅርፊትና የሸርጣን እግር ተከምሮ ካገኙ ይዘውታል። ጣትዎን ግን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይከቱ። ቆዳ ይሰነጥቃል።

ለማውጣት መርዝ አያስፈልግም። ሌሊት የጠረጠሩትን ድንጋይ በቀስታ አንስተው የገንዳው ውሃ ወዳለበት ባልዲ ያስገቡት፤ እንስሳው ሲደነግጥ ቀዳዳው ውስጥ መሸሸግ እንጂ መዝለል አይወድም፤ አብሮ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩን ከባልዲው በላይ ይያዙትና ጋዝ ያለበት፣ ጣዕም ያልተጨመረበት የታሸገ ውሃ በሲሪንጅ ቀዳዳው ውስጥ ይርጩ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተንደርድሮ ይወጣል። ሌላው መንገድ የጨው መጠኑ ከተለመደው 35 ክፍል በሺህ ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ድንጋዩን ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ሸርጣኑም ትሉም አብረው ይወጣሉ፤ ከጥፋተኛው ጋር ንጹሐኑ ስለሚጎዱ ለአንድ ድንጋይ ብቻ ነው የምመክረው። ማንቲሱን ካገኙት አይግደሉት። ለብቻው ትንሽ ገንዳ ቢሰጡት ከዓሦችዎ ሁሉ ይልቅ የሚያዝናናዎት እሱ ነው። ይህ የእኔ ድክመት ነው ይበሉኝ፣ እንዲህ ብልጥ የሆነ እንስሳ ሲጣል አንጀቴ አይችልም።

ቡናማው አበባ ላይ አልጠራጠርም ማለት ይቻላል። ኤይፕታዚያ የሚባል አኒሞን፣ ማለትም አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው። ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጣቶቹ ረጃጅምና ሹል ናቸው፣ ሲነካ ቀዳዳው ውስጥ እልም ይላል። ጣቶቹ አጫጭር ሆነው ጫፋቸው ካበጠና አረንጓዴ ካደላበት ማጃኖ የሚባለው ዘመዱ ነው። እንደ ላባ ተክፍሎ፣ ከጠንካራ ወይም ከቆዳ መሰል ቱቦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ምንም የማያጠፋ ላባ ትል ነው፤ ይተዉት።

ኤይፕታዚያ ከሆነ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ተቻችለው ቢኖሩ እንኳ እሱ አይቻልም። ኮራሎችን ይነድፋል፣ ይዋለዳል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በምላጭ ሲፍቀው ነው። ድንጋዩ ላይ የቀረችው የሥጋ ቅንጣት አዲስ ትሆናለች፤ አንዱን ፍቀው አሥር ያመርታሉ። ከሁለት ሦስት የማይበልጡ ከሆኑ ፓምፑን ያጥፉና በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ወፍራም ሊጥ በሲሪንጅ አፉ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱበት። ሳይደነግጥ ሊጡን እንዲውጠው ነው የሚፈለገው። በአንድ ቀን ብዙ አይሥሩ፤ የውሃው ፒኤች ከመጠን በላይ ከፍ ይላል። ሊጡ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

ከበዙ ግን እንስሳ ያሰማሩባቸው። በርጊያ የምትባለው ትንሽ ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ ከኤይፕታዚያ ሌላ አትበላም። ሲያልቅባት ትራባለች፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው ለማሳለፍ ይዘጋጁ። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ፣ ሊስማታ ዉርደማኒ፣ ብዙ ጊዜ ይበላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሲገዙ ካሜል ሽሪምፕ ከሚባለው ይጠንቀቁ። እሱ ጀርባው ጎበጥ ብሎ በቀዩ መካከል ነጫጭ መስመርና ነጥብ አለበት፤ ኮራል ይበላል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። መስታወቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ጥምዝምዞች ስፓይሮርቢድ የሚባሉ ቱቦ ሠሪ ትሎች ናቸው። ውሃ አጣርተው ይበላሉ፤ ምንም አያደርጉም። የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ካዩ ኮፔፖድ ነው፣ የዓሣ ምግብ። ኮከቧ አስቴሪና ትመስለኛለች። እግሮቿ የማይመጣጠኑት ለሁለት ተከፍላ ስለምትራባ ነው፤ የቀረውን እያበቀለች ነው። አብዛኞቹ መስታወት ላይ ያለ ለምለም ነገር ይልሳሉ። ዞአንቲድ ላይ ተለጥፋ ደጋግመው ካገኟትና ዞአንቲዱ ከከሰመ በወረንጦ ያንሷት። ከቱቦው አፍ የሸረሪት ድር የሚመስል ልጋግ የሚዘረጋ ጠንካራ ቱቦ ካዩ ደግሞ ቨርሜቲድ ቀንድ አውጣ ነው፤ ልጋጉ ኮራሎችን ያስቸግራል። የቱቦውን አፍ በሱፐር ግሉ መድፈን ይበቃል።

ሸርጣን እስካሁን አላነሱም፤ ሳይኖር አይቀርም። ጸጉራም ሆኖ የመቆንጠጫው ጫፍ ጥቁርና ሹል ከሆነ ወደ ሳምፑ፣ ማለትም ከዋናው ገንዳ ጋር ወደተያያዘው የማጣሪያ ገንዳ ይላኩት፤ ሲያድግ ዓሣና ኮራል ይነካል። ጫፉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ካለ አልጌ የሚግጥ ነው። ኮራል ቅርንጫፍ መሐል የሚኖር ልሙጥና ትንሽ ሸርጣን ካዩ ግን በፍጹም እንዳያነሱት። ትራፔዚያ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ከአዳኝ የሚከላከል ዘበኛ ነው።

ሁለት ነገሮች ላይ ብቻ ቀልድ የለም። አንደኛው፣ ቅርጹ እንደ ሾጣጣ ኮን የሆነ የሚያምር ቀንድ አውጣ በባዶ እጅ አይነሳም። ከኮን ቀንድ አውጦች ውስጥ ሰው የሚገድል አለ፤ ለመርዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሁለተኛው፣ ትልልቅ ዓይን ያለው፣ በፍጥነት የሚዋኝ፣ ዓሣዎ ላይ የሚለጠፍ ተባይ መሳይ ነገር ካዩ ሲሮላኒድ አይሶፖድ ነው። የዓሣውን ደም ይመጥጣል። ያን ጊዜ ዓሦቹን ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ግድ ይሆናል፤ በእጅ ለቅሞ መጨረስ ያስቸግራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ውሃውን ይለኩ፣ ፓምፑን አጥፍተው ያዳምጡ፣ የኤይፕታዚያውን ሊጥ ደግሞ የውሃው ውጤት ጥሩ ከሆነ ብቻ ያዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ይላኩልኝ። የአሞኒያና የናይትራይት ቁጥሩን፣ የትሉን ራስ ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ከመስታወቱ ውጪ ማስመሪያ አስደግፈው፣ እና ድምፁ ነጠላ ይሁን ተከታታይ። ፎቶውን ሲያነሱ የመስታወቱን ውስጥና ውጪ ይጥረጉ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ሰማያዊውን መብራት ያጥፉ። በሰማያዊ መብራት የተነሳ ትል ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው።